ለይላ በቦክስ ጊታር

ከሪያድ ወደ ደቡብ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የነዳ ሰው አል አፍላጅ ይደርሳል። የአካባቢው ዋና ከተማ ስም ለይላ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ አል ገይል ከሚባለው መንደር አጠገብ፣ ተውባድ የሚሉት ተራራ አለ። ቀይስ የተባለው የበኑ ዓሚር ባለቅኔ በለይላ ፍቅር አእምሮውን የሳተው እዚያ ግርጌ ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ታሪኩን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ኒዛሚ በፋርስኛ በግጥም ጻፈው። ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ የሰው ሚስት ወድዶ ይንገላታ የነበረው እንግሊዛዊው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን ያንኑ ታሪክ አገኘው። በ1970 እ.ኤ.አ. ዴሬክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስ ከተባለው ቡድኑ ጋር «ለይላ»ን ቀዳ።

እዚህ ሪያድ ውስጥ የማውቃቸው ጊታር የያዙ የአገሬ ልጆች አንድ ቀን ይህን ዘፈን ሳይሞክሩ አያልፉም። ሐሙስ ማታ ኢስትራሃ፣ ማለትም የመዝናኛ ቤት፣ ተከራይተን ቡና ተፈልቶ፣ ምግቡ ተበልቶ ሲያበቃ፣ አንዱ ቦርሳውን ይከፍታል። ሌላው «እስኪ ለይላን በላት!» ይላል። የሚመቱት የ1970ውን አይደለም፤ ክላፕተን በጥር 1992 ለኤም ቲቪ ተቀምጦ በአኮስቲክ፣ እኛ ቦክስ በምንለው ጊታር፣ የተጫወተውን፣ በማግስቱ ዓመት በምርጥ የሮክ ዘፈንነት ግራሚ ያገኘውን ነው። የመጀመሪያው ይጮኻል፣ ይሮጣል፤ ሁለተኛው ዝግ ብሎ ይሄዳል። ዝግ ማለቱ ቀላል ያስመስለዋል። ብዙ ልጆች ሲጫወቱት ሰምቻለሁ፤ አብዛኞቹ ኖታውን በትክክል ይመቱታል፣ ጥቂቶቹ ብቻ ዘፈኑን ይጫወቱታል። ልዩነቱን እንዴት እንደምሰማው ልንገራችሁ።

በልጁ ከመፍረዳችሁ በፊት ጊታሩን እዩ። የጊታር እንጨት የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። በሪያድ በጋ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች የሚወርድባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ በዚያ ላይ ኤሲው ሌት ተቀን ያንኑ አየር ያደርቃል። እንጨቱ ይኮማተራል፣ አንገቱ ላይ የተሻገረው የፍሬት ብረት ግን አይኮማተርም። ስለዚህ መዳፋችሁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ስታንሸራትቱ የብረቱ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ይቧጥጣችኋል። የሣጥኑ ፊት ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ ደግሞ ክሮቹ ዝቅ ይሉና ፍሬቱን እየነኩ ይነዝራሉ። እንዲህ ያለ ጊታር ላይ ልጁ ጣቱን ቢያጠብቅም ቢያላላም ድምፁ አይጠራም፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። አንድ ልጅ የፕላስቲክ የሳሙና ማስቀመጫ በስቶ፣ እርጥብ ስፖንጅ ከቶበት፣ ከጊታሩ ጋር ቦርሳ ውስጥ ሲዘጋ አይቻለሁ። ገና አንድ ክር ሳይነካ ነው የወደድኩት።

ቀጥሎ ቀኝ እጁን ስሙ። ሶሎውን አትጠብቁ። ኮርዱን ብቻ ይዞ ዲ ማይነር፣ ቢ ፍላት፣ ሲ እያለ ሲሄድ ጆሯችሁን ስጡት። ይህ ምት ሽፍል ይባላል። እያንዳንዱ ምት ሦስት ቦታ ይከፈልና የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይገጣጠማሉ፤ የሚሰማው ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር ነው። እኛም ሦስቱን ክፍልፋይ ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ ችክችካችን የቆመው በእሱ ላይ ነው። እዚህ ጋ ነው እጁ የሚከዳው። ችክችካ ወደ ፊት ይገፋል፣ ትከሻ ይጠራል። ሽፍል ግን ወደ ኋላ ይደገፋል፣ አጭሩ ምት እስከ መጨረሻው ቅጽበት ይዘገያል። የእኛ ልጅ ሞቅ ሲለው አጭሩን ያስቀድመዋል፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ስንደርስ ሳናውቀው ለእስክስታ ተነስተናል። ደስ ይላል፣ አልክድም፤ ለይላ ግን ከእጁ አምልጣለች። የማደርገው አንድ ነገር አለ፦ የልጁን እግር አያለሁ። ተረከዙ መሬት ላይ ሆኖ ጣቶቹ በእኩል ርቀት የሚነሱና የሚወርዱ ከሆነ፣ ዘፈኑ ሲያልቅም ሲጀመር በነበረው ፍጥነት ከሆነ፣ ይህ ልጅ ብዙ ሌሊት ብቻውን ተቀምጧል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የመግቢያው ዜማ ሰባት ኖታ ነው፦ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ዲ፣ ሲ፣ ዲ። ሁሉም እኛ ባቲ ማይነር በምንለው ቅኝት ውስጥ ያሉ ናቸው። ከዲ ተነስታችሁ ብትደረድሩት ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ ይሆናል፤ ፈረንጆቹ ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉት እሱን ነው፣ የብሉዝ ሶሎም ከዚያ ይነሳል። ለዚህ ነው ልጆቻችን ዜማውን ባንድ ቀን የሚለቅሙት። ጆሯቸው ቤቱ ገብቷል። ቤቱ ስለገባም ልጁ እዚያው ይቀመጣል፤ አምስቱን ኖታ አጥርቶ መታ፣ ብሉዝ ተጫወትኩ አለ።

ይህ ለምን እንደማይበቃ እንዲገባችሁ ክራርን አስቡ። እያንዳንዱ አውታር አስቀድሞ የተቃኘበት ድምፅ አለው። ደርዳሪው የማይፈልገውን በግራ ጣቶቹ ይይዛል፣ የሚፈልገውን ይለቃል፤ የተለቀቀው በተቃኘበት ይጮኻል። አስናቀች ወርቁን የሰማ ሰው በዚያ ጥራት ውስጥ ምን ያህል ኀዘን እንደሚገባ ያውቃል። አሁን ማሲንቆን አስቡ። አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ነው ያለው፣ ፍሬት የለውም፣ አውታሩም እስከ እንጨቱ አይጫንም። ጣቱ ከጎን ይነካዋል እንጂ። ስለዚህ አዝማሪው ድምፁን ከሥሩ ይጀምረውና እያለቀሰ ይወጣል፣ ወይም ደርሶበት ትንሽ ይሸሻል። ፍሬት ባለው ጊታር ላይ ብሉዝ የሚፈልገው ይህን የማሲንቆ ጣት ነው። ጊታሩን እንደ ክራር የሚመታ ልጅ ጥሩ ጊታሪስት ሊሆን ይችላል፤ ለይላን ግን እንደ ማሲንቆ ካልያዛት አትናገርለትም።

ኤፏን ስሙ። ዘፈኑ መሀል ላይ፣ ሶሎው ውስጥ ስትመጣ፣ ተጫዋቹ ክሩን በጣቱ በጥቂቱ ይገፋዋል። ኤፍ ሻርፕ እስኪደርስ ድረስ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል፣ ፒያኖ ላይ በሌለ ቦታ ያቆመዋል። ዑድ የሚመታ አንድ የሪያድ ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ ወዲያው ራሱን ነቀነቀ። ዑድ ፍሬት የለውም፤ ራስት በሚባለው የዓረብ ቅኝት (መቃም) ሦስተኛው ድምፅ የሚቀመጠውም በማይነርና በሜጀር መካከል ነው፣ ስለዚህ ያ ቦታ ለጆሮው እንግዳ አልሆነበትም። እኔ የማዳምጠው ግፊቱ የት እንደሚቆም ነው። ጎበዙ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ያደርሰዋል፣ ትንሽ ያቆየዋል፣ ከዚያ ወደ ዲ ይመልሰዋል። ያልበሰለው አንዴ ያሳንሰዋል፣ አንዴ ያበዛዋል፤ ኖታው መንገድ እንደጠፋበት ሰው ይንገዳገዳል። በኤ እና በጂ መካከል የምትገባ ኤ ፍላትም አለች። እሷ አላፊ መንገደኛ ናት። ያቆማት ተጫዋች አበላሽቷታል፤ ነክቷት ሲያልፍ ግን ሌላው ሁሉ ይጨልማል።

ይህ ሁሉ በቦክስ ጊታር ላይ ከባድ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በአኮስቲክ ጊታር ላይ ሦስተኛዋ ክር፣ ጂ የምትባለው፣ ብዙ ጊዜ ጥቅልል ብረት የለበሰች ወፍራም ናት፤ በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ግን ቀጭን ራቁት ሽቦ ናት። ከቪዲዮ ላይ የኤሌክትሪኩን ሶሎ የቀዳ ልጅ እዚያች ክር ላይ ሙሉ ድምፅ ለመግፋት ጣቱን ሲያቀላ ታዩታላችሁ፤ ክሯ ግማሽ መንገድ ላይ ትቀራለች። አዋቂው እንዲህ አይታገልም። ትልቁን ግፊት ለሁለተኛዋ ክር ይተወዋል፣ ወይም ከታች ፍሬት አንሸራቶ ይወጣል፣ ወይም ባንድ ጣት መትቶ በሌላው ያነሳዋል። ደግሞም የቦክስ ጊታር ድምፅ ቶሎ ይሞታል። በአምፕ የሚረዝመው ኖታ እዚህ ከተመታ በኋላ እየሳሳ ነው የሚሄደው። ክላፕተን ዘፈኑን ያዘገየው ለዚህ ይሁን አይሁን አላውቅለትም፤ መዘግየቱ ግን ለእንጨቱ ተስማምቶታል። ኖታው እስኪሞት የሚጠብቅና ባዶውን ቦታ በሌላ ኖታ ለመሙላት የማይቸኩል ተጫዋች ስሰማ፣ መሣሪያውን እንዳወቀው ይገባኛል።

ትዝታ የኢትዮጵያ ብሉዝ ነው የሚባል ነገር አለ፤ ፈረንሳዮች ያሳተሙት ኢትዮፒክስ የተባለ የሙዚቃ ስብስብ አሥረኛ ቅጽም ይህንኑ ስም ይዞ ነው የወጣው። በስሜቱ እስማማለሁ። ለተማሪ ግን ያሳስተዋል። ትዝታ የራሱ ቅኝት አለው፣ ሜጀርም ማይነርም፤ የሚያስለቅስበት መንገድ ሌላ ነው። ልጁ ለይላ መሀል ላይ ወደ ትዝታ ማይነር ሲያዘነብል አዳማጩ ሁሉ «ወይኔ!» ይላል፤ ያ «ወይኔ» ግን ለትዝታ ነው። ሁለቱን ያለ መደባለቅ ጎን ለጎን ማቆም የፈለገ ሰው በ1975 አይቤክስ ባንድ ከማህሙድ አህመድ ጋር የቀዳውን «ኧረ መላ መላ» ጊታር ይስማ። ወይም ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገውን የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን፣ የ2012ቱን። የአገር ቅኝት ከሮክ ጊታር ጋር ሲኖር ሁለቱም ስማቸውን ይዘው መቆየት እንደሚችሉ እዚያ ይሰማል። ወደ ልጁ ልመለስ፦ ስለ እንግሊዝኛ አነጋገሩ አልጨነቅም። ድምፁ ቢሻክርም ግድ የለኝም፣ እየዘፈነ እጁ ካልተዛነፈ።

ከሰማኋቸው ሁሉ አንደኛው መንፉሃ በሚባለው የሪያድ ሰፈር፣ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር፣ በሐምሌ። ጊታሩ ርካሽ ነው፣ ፊቱ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለው። ልጁ ኤሲው ድምፅ ያበላሻል ብሎ አጠፋው፤ ስምንት ሰው ላባችንን እየጠረግን ተቀመጥን። መግቢያውን መታ፣ ኮርዱን ሁለት ዙር ዞረ፣ ኤፏን ገፍቶ እቦታዋ አደረሳት። ከዚያ ቆመ። ክፍሉ ሲሞቅ ክሮቹ ላልተው ሁለተኛዋ ትንሽ ወርዳ ነበር፤ ከእኛ ማንም አልሰማትም። ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ደፍቶ ቃኛት፣ ከአንደኛዋ ጋር አስተያያት፣ ተረከዙን መሬት ላይ አስተካከለ፣ ከመጀመሪያዋ ኖታ እንደገና ጀመረ።