የአይርላንድ አፈ ታሪክ በማሽን ሲሣል

የአይርላንድን ጥንታዊ አማልክትና ጀግኖች ታሪክ በብራና ያቆዩት ክርስቲያን ጸሐፍት ናቸው። ከታሪኮቹ ዋነኛው «ታይን» የሚባለው ሲሆን፥ የኮናክት ንግሥት ሜቭ አንድ ዝነኛ ኮርማ ለመውሰድ በአልስተር ላይ ስለ ዘመተችው ዘመቻ፥ ኩ ኹለን የተባለውም ወጣት ብቻውን ሠራዊቷን ስለ መመከቱ ይተርካል። በ12ኛው መቶ ዓመት ይህን ታሪክ «የሌንስተር መጽሐፍ» በተባለው ብራና የጻፈው ሰው በፍጻሜው ሁለት ማሳሰቢያ ትቷል። በአይርላንድኛ፥ ታሪኩን ሌላ መልክ ሳይሰጥ በቃሉ ለሚያጠናው ሁሉ ቡራኬ ሰጠ፤ በላቲን ደግሞ፥ ከጻፈው ውስጥ ብዙውን እንደማያምን፥ ከፊሉን የአጋንንት ማታለያ፥ ከፊሉንም የባለ ቅኔ ፈጠራ አድርጎ እንደሚቆጥረው ገለጠ። ጸሐፊው ታሪኩን አስተላለፈ፤ የራሱን ሐሳብም ከታሪኩ ለይቶ አስታወቀ።

ከ2022 ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቃል የታዘዘውን ወደ ሥዕል፥ ቆይቶም ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚለውጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በብዙ ሰው እጅ ገብቷል። የአይርላንድ ጀግኖችም በዚሁ መሣሪያ እንደ ገና ይሣላሉ። በዚህ ሥራ ላይ በመጀመሪያ ሊነሣ የሚችለው ነቀፋ ጥንታዊው ታሪክ ተለወጠ የሚል ነው። ይህ ነቀፋ ግን ጽኑ መሠረት የለውም። በ1100 ገደማ በተጻፈው «የዳለቻዋ ላም መጽሐፍ» የሚገኘው ታይንና በሌንስተር መጽሐፍ የሚገኘው ታይን አንድ አይደሉም፤ ሌዲ ግሬጎሪም በ1902 የኩ ኹለንን ታሪክ በእንግሊዝኛ ስታሳትም ለአንባቢዎቿ አይስማማም ያለችውን አስቀርታለች። አፈ ታሪክ በመለወጥ ይኖራል። መመርመር የሚገባው ለውጡ ከምን እንደ መነጨና ስለ ለውጡ የሚጠየቀው ማን እንደ ሆነ ነው።

የማሽኑ ለውጥ የሚመነጨው ከተለመደው ነው። ማሽኑ መግለጫ ከተጻፈላቸው እጅግ ብዙ ሥዕሎች ይማራል፤ ሲሥልም መልክ ከሌለው ነጠብጣብ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እያጠራ፥ ለታዘዘው ቃል ይስማማል ወደሚለው መልክ ይደርሳል። በ2022 ለዚህ ሥልጠና ከወጡት ስብስቦች አንዱ የሆነው «ላዮን 5ቢ» 5.85 ቢሊዮን ያህል ሥዕል ከነመግለጫው ሲይዝ፥ 2.32 ቢሊዮን ያህሉ መግለጫ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ «የኬልት ጀግና» ተብሎ የታዘዘ ማሽን በፊልምና በመጽሐፍ ሽፋን ወደ ተለመደው ጢማም ጎልማሳ ቢያዘነብል አያስደንቅም። የታይን ኩ ኹለን ግን ጢም ያላበቀለ የ17 ዓመት ወጣት ነው፤ ጢም ከሌለው ጋር አልዋጋም ያለውን ጠላት ለማታለል ሣር ጨብጦ በአስማት ጢም ያስመስላል። በየዓይኑ ሰባት ብሌን፥ በየእጁና በየእግሩ ሰባት ሰባት ጣት አለው። ይህም ጌጥ ሳይሆን ሉግ የተባለው አምላክ ልጅ መሆኑን የሚያመለክት ነው። የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች በስሕተት ስድስትና ሰባት ጣት ይሥሉ ስለ ነበር፥ ሠሪዎቻቸው ይህን ለማረም ብዙ ደክመዋል። እንግዲህ ማሽኑ በታረመ መጠን ከዚህ ጀግና ይርቃል፤ ስሕተት ተብሎ የተወገደው የጀግናው ምልክት ነበርና።

የሰው ለውጥ ከዚህ ይለያል። በ1969 ቶማስ ኪንሴላ ለተረጐመው ታይን ሥዕል የሠራው ሉዊ ለ ብሮኪ፥ በብሩሽና በጥቁር ቀለም ጥላ የመሰለ ቅርጽ ብቻ ሰጥቶ የቀረውን ለአንባቢው ትቷል። በኪልኬኒ ከተማ የሚገኘው ካርቱን ሳሉን በ2009 ባወጣው፥ ቶም ሙርና ኖራ ቱሚ በመሩት «የኬልስ ምስጢር» ፊልም፥ በጥንቱ ጽሑፍ ጣዖት የነበረው ክሮም ክሩዋክ እባብ ሆኖ ይታያል። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የፊልሙ የአሣሣል ስልት ከጥንታዊው የኬልስ መጽሐፍ ሐረግ የተቀዳ፥ የለወጡትም ሰዎች የታወቁ ናቸው። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ ተጠያቂ አለ።

ለማሽኑ የሚነገርለት እውነተኛ ጥቅምም አለ። በእጅ የሚሣል ፊልም ብዙ ሠራተኛ፥ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ይጠይቃል፤ በአይርላንድኛ የሚያስተምር ትንሽ የገጠር ትምህርት ቤት ይህን አቅም ሊያገኝ አይችልም። ታሪኩ ለሀብታሞች ስቱዲዮዎች ብቻ ይቅር ማለትም ፍትሕ አይሆንም። ሆኖም አቅም የሌለው ሰው ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። የአይርላንድ ፎክሎር ኮሚሽን ከ1937 እስከ 1939 የትምህርት ቤት ልጆች ከሽማግሌዎች ባህላዊ ታሪክ እንዲሰበስቡ ባደረገ ጊዜ፥ 740,000 ያህል ገጽ ተገኝቷል፤ ልጆቹም በብዙው ላይ የነገራቸውን ሰው ስም ጽፈዋል። ገንዘብ ያልነበራቸው ልጆች የጠበቁትን ሥርዓት ማሽን የያዘ ፊልም ሠሪ የማይጠብቅበት ምክንያት የለም። የትኛውን ብራና እንደ ተከተለ፥ የትኛውን እንደ ለወጠ፥ የትኛውንም ማሽኑ ከራሱ ልማድ እንደ ጨመረ ለይቶ ይጻፍ፤ ሰባቱን ጣትም አምስት ሆኖ ሲመጣለት አይቀበል። ይህን ያደረገ ሰው በሌንስተሩ ጸሐፊ መንገድ ይሄዳል። ይህን ያላደረገ ግን ፊልሙ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፥ የአይርላንድን ስም ለብሶ የሁሉንም አገር ጀግና ከመሣል አያልፍም።