ሳንቃ፣ ቆርቆሮና ወረቀት፦ ትንሿን ቤት ከዶራሌ ሆኖ መመዘን

ስለ ቤት የሚጻፍ ሂስ በእኛ ዘንድ ብዙም አልተለመደም። ልብ ወለድ ይተቻል፤ ሥዕል ይተቻል፤ ቴያትር ይተቻል። ቤት ግን ይከራያል፣ ይሸጣል፣ ይፈርሳል እንጂ እንደ ሥራ ተቆጥሮ ሲመዘን አይታይም። ቢመዘን እንኳ ቤተ መንግሥቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና ባንኩ ናቸው ሚዛን ላይ የሚወጡት። ሠራተኛ ውሎ የሚገባባት፣ ልጅ የሚያድግባት፣ ለቅሶ የሚደረስባት ትንሿ ቤት ከሂሱ ደጅ እንደ ቆመች ናት። በዚህ ጽሑፍ የምንመዝነው እንዲህ ያለችውን ቤት ነው፤ በጅቡቲ ከተማ አሮጌ ሠፈሮች የምትገኘውን የሳንቃና የቆርቆሮ ቤት፣ ከነአካባቢዋ። ዘመኖቹ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሚዛኑን ግን በከተማው መካከል ሳይሆን በዶራሌ እንትከለው። ዶራሌ ከከተማው በስተምዕራብ የሚገኝ፣ ቀድሞ የከተማው ሰው ለመዋኘትና ነፋስ ለመቀበል የሚወጣበት የባሕር ዳርቻ ነበር። ከሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ወዲህ በመጀመሪያ የነዳጅ ማራገፊያው፣ በ2009 የኮንቴይነር ወደቡ፣ በ2017 ደግሞ ሁለገቡ ወደብ ተከፈቱበት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አዲሱ የባቡር ሐዲድም እስከዚያ ዘልቋል። የኢትዮጵያ ዕቃ የሚወርድበትና የሚጫንበት ቦታ በዚህ መንገድ ከአሮጌው የማራቡ ወደብ ወደ ምዕራብ ተሻገረ። ሥራ ወደ ሄደበት መኖሪያ መከተሉ አይቀርም። እንግዲህ በዚህ በረሃማ ዳርቻ ሠራተኛው ምን ዓይነት ቤት ይሠራለት የሚለው ጥያቄ የነገ ሳይሆን የዛሬ ነው። መልሱም የሚጀምረው አሮጌዋ ቤት ምን እንዳሳካችና ምን እንዳጎደለች ከማወቅ ነው።

ድንጋዩ ከላይ፣ ሳንቃው ከታች

የጅቡቲ ከተማ በ1888 ስትቆረቆር የተቀመጠችው ከባሕሩ ከፍ ብለው በሚገኙ የኮራል አምባዎች ላይ ነበር። የአስተዳዳሪዎቹ፣ የነጋዴዎቹና የባቡር ኩባንያው ሕንፃዎች የቆሙት በእነዚህ አምባዎች ነው። ግንባቸው ከዚያው ከባሕሩ የተፈለጠ የኮራል ድንጋይ፣ ልስኑ ኖራ፣ ፊታቸው ቅስት ያለው ሰፊ በረንዳ ነው። ዛሬም ሕዝቡ በምኒልክ ስም የሚጠራው፣ በይፋ ግን የሰኔ 27 ቀን 1977 አደባባይ የሚባለው ሥፍራ የዚህ አሠራር ጥሩ ማሳያ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ ቁመቱ ረጅም፣ በረንዳው እግረኛን ከፀሐይ የሚጋርድ ነው።

ከአምባዎቹ በስተደቡብ፣ ከባሕሩ ወለል እምብዛም ከፍ በማይለው ዝቅተኛ መሬት ላይ ደግሞ ሌላ ከተማ በቀለ። በፈረንሳይኛው «ካርቲዬ» ተብለው በቁጥር የሚጠሩት፣ ከአንድ እስከ ሰባት የተሰለፉት ሠፈሮች ናቸው። ባቡሩን የዘረጋው፣ ወደቡን የጫነውና ያራገፈው፣ ጨዉን የጋገረው ሰው የሚያድረው በእነዚህ ነበር። በ1897 ሥራው ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ ኢትዮጵያውያንን ወደዚች ከተማ አወረደ፤ ከወረዱትም መካከል አብዛኛው ማደሪያ ያገኘው ከታች፣ ከሳንቃው ሠፈር ነው።

ቤቷ ስትመዘን

የሳንቃዋ ቤት አሠራር ቀላል ነው። የእንጨት ቋሚ፣ በቋሚው ላይ የተመታ ሳንቃ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ክፍሏ አንድ ወይም ሁለት ሲሆን በር የሚከፈተው ወደ ግቢ ነው። ግቢውን ብዙ ቤተሰብ ይጋራዋል፤ ውኃውም፣ ማብሰያውም፣ መጸዳጃውም የጋራ ነው።

የመጀመሪያው መመዘኛ ሙቀት ነው። በጅቡቲ በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን ማለፉ የተለመደ ነው፤ ከበረሃው የሚነሣው የኻምሲን ነፋስም በዚሁ ወራት አሸዋና ትኩሳት ይዞ ይመጣል። በእኩለ ቀን በዚች ቤት ውስጥ መቀመጥ ምድጃ አፍ ላይ እንደ መቀመጥ ነው፤ ቆርቆሮው ያለ ኮርኒስ ከራስ በላይ ይግላልና። ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ፍርዱ በዚህ አያበቃም። ቀጭን ሳንቃ ሙቀትን አይቋጥርም፤ ፀሐይ እንደጠለቀች ወዲያው ይቀዘቅዛል። ዛሬ በየቦታው የሚቆመው የብሎኬት ቤት ግን የቀኑን ሐሩር በግድግዳው አከማችቶ እስከ እኩለ ሌሊት መልሶ ይተፋዋል። ያለ ኤር ኮንዲሽነር ለሚያድር ሰው የሌሊቱ ነገር ከቀኑ ይልቅ ያሳስባል፤ ቀን በሥራና በጥላ ይታለፋል፣ ሌሊት ግን ካልተኙበት ነገ የሚሸከም ጉልበት የለም።

የሳንቃዋ ቤት ዋና ጥበብ እንግዲህ ሰውን በውስጧ ለማኖር አለመሞከሯ ነው። ቤቷ የዕቃ ማስቀመጫና የገመና መሸፈኛ ናት፤ ኑሮው ያለው በግቢው፣ በዳሱ ጥላና በሌሊት ወደ ውጭ በሚወጣው አልጋ ላይ ነው። አፋሮች ዳቦይታ፣ ሶማሌዎች አቀል የሚሏቸው የሰሌን ጎጆዎችም የቆሙት በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ልብሱ ስስ፣ አየሩ ተመላላሽ። ከተማ የገባው ሰው ሰሌኑን በሳንቃ ቢለውጥም ሐሳቡን አልጣለውም።

ሁለተኛው መመዘኛ ጥገና ነው። የባሕሩ ጨው ቆርቆሮን ይበላል፤ ምስጥና እርጥበትም እንጨቱን። ይሁን እንጂ የተበላው አንድ ቆርቆሮ ተነሥቶ በሌላ ይተካል፤ የበሰበሰው አንድ ሳንቃ ይቀየራል። ለዚህም መሐንዲስ አያስፈልግም፤ የሠፈር አናጢ ይበቃል። ጨው የበላው የብሎኬት ቤት ፌሮው ዝጎ ሲሰነጠቅ ግን ባለቤቱ የሚያደርገው የለውም።

ሦስተኛው መመዘኛ ደኅንነት ሲሆን፣ በዚህ ቤቷ ወድቃለች። እንጨት ለእንጨት ተጠጋግቶ በቆመበት፣ ከሰልና ጋዝ በሚነድበት፣ የመብራት ሽቦ ከቤት ወደ ቤት በተቀጣጠለበት ሠፈር አንድ ብልጭታ ብዙ ደጃፍ ያዳርሳል። ውኃም ሌላው ጠላት ነው። ዝናብ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር በማይሞላበት ከተማ ጎርፍ መፍራት እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን የአምቡሊ ወንዝ በሚያዝያ 2004 ሞልቶ ብዙ ሰው ገድሏል፤ በኅዳር 2019ም ዝቅተኛዎቹ ሠፈሮች ዳግመኛ ተጥለቅልቀዋል። የድሮው ቤት ናፍቆት የያዘው ጸሐፊ ይህን ሁለት መስመር ዘሎ ቢያልፍ ሂስ ሳይሆን ሙገሳ ጽፏል ማለት ነው።

ቤቷን የሠራው ወረቀት

ሳንቃዋ ቤት ለምን ሳንቃ ሆነች? ብዙ ሰው ድህነት ነው ይላል። ድህነት አለበት፤ ነገር ግን ብቻውን አይደለም። በአሮጌዎቹ ካርቲዬዎች መሬት የሚያዝበት ወረቀት ጊዜያዊ የይዞታ ፈቃድ ነበር፤ ስሙም እንደሚለው ጊዜያዊ ነው። በነገው ያልተማመነ ሰው ድንጋይ አያስፈልጥም፤ ነቅሎ ሊሄድበት የሚችለውን ሳንቃ ይመታል። ከ1966ቱ ሁከት በኋላ ቅኝ ገዥው መንግሥት ከተማውን በሽቦ አጥር ሲያጥር፣ ከአጥሩ ውጭ በባልባላ የሰፈረው ሕዝብ ቤቱን ከዚያም በባሰ ቁርጥራጭ የሠራው ስለዚሁ ነው። መጠለያው የተቀጠፈው ከፍርሃት ነው ማለት ይቻላል።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አይኖርበትም። በ1975 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ለመንግሥት ከሆነ ወዲህ የቀበሌ ቤት ተከራይ ግድግዳው ሲዘም፣ ጣራው ሲያፈስ ለማደስ ፈቃድ ጠያቂ ሆነ። ኪራዩ እጅግ ርካሽ በመሆኑ ቤቱን የሚጠግን ገንዘብ አልተሰበሰበም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን አላፈሰሰም። ጭቃው ፈረሰ፤ ከዚያም «ያረጀ ሠፈር ስለሆነ ይነሣ» ተባለ። ያረጀው ግን ጭቃው አልነበረም። ተገቢው እድሳት ከተደረገለት የጭቃ ቤት ለትውልድ ይቆያል። በጅቡቲም በአዲስ አበባም ቤቱን አስቀድሞ የሚያፈርሰው ዶዘሩ ሳይሆን ወረቀቱ ነው።

ሠፈሩ

ቤቷን ከሠፈሯ ለይቶ መመዘን ዓሣን ከውኃ አውጥቶ እንደ መመዘን ነው። የካርቲዬው መንገድ ጠባብ በመሆኑ አንደኛው ቤት ለሌላው ጥላ ይሰጣል። ሱቁ በጥቂት እርምጃ ውስጥ ነው፤ ባለ ሱቁም ዱቤ የሚጽፍበት ደብተር አለው። ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛ፣ አማርኛ በአንድ ደጃፍ ይሰማሉ። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ሥራ የሚያገኘው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ የሞተ የሚቀበረው በዚሁ መቀራረብ ነው። ይህ ሁሉ በገንዘብ ሲተመን የማይታይ፣ ሲጠፋ ግን ወዲያው የሚታወቅ ሀብት ነው። በአንጻሩ ጠባቡ መንገድ የእሳት አደጋ መኪና አያስገባም፤ ፍሳሹም መውጫ አጥቶ ይተኛል። በጎውና ክፉው ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ ስለዚህ ሁሉንም ማፍረስ ክፉውን ብቻ አያጠፋም፤ በጎውንም ይዞ ይሄዳል።

በ2024 በአዲስ አበባ ፒያሳ የሆነውን ያስቧል። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የቆሙ ሠፈሮች በሳምንታት ውስጥ ተነሡ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማይቱ ዳርቻዎች ተዛወሩ። ከእነርሱ መካከል ከቀድሞው የተሻለ ክፍልና የግል መጸዳጃ ያገኙ አሉ። ለአንድ ቤት ምትክ ቤት መስጠት ይቻላል፤ ለሠፈር ግን ምትክ ሠፈር በቁልፍ ርክክብ አይሰጥም።

ወደ ዶራሌ ስንመለስ

በወደብ አካባቢ አሁን የሚታየው ዝንባሌ አሳሳቢ ነው። ባዶ ኮንቴይነር ለጥበቃ ቤት፣ ለሱቅ፣ አንዳንዴም ለማደሪያ ይውላል። ኮንቴይነር የሳንቃዋን ቤት ጉድለት ሁሉ ወርሶ በጎነቷን አንዱንም አልወረሰም፤ እንደ ቆርቆሮ ይግላል፣ እንደ ሳንቃ ግን አይተነፍስም። መንገዱም የተለካው በከባድ መኪና ነው፤ ለሚሄድ ሰው ጥላ አልተተከለለትም። ይህ ትችት ወደቡን ለመንቀፍ አይደለም። ወደቡ ለዕቃው ጥሩ ቤት ሠርቷል፤ የቀረው ለሰው መሥራት ነው።

ለሰው ለመሥራትም ሞዴል ከሩቅ ማስመጣት አያሻም። ከአምባው በረንዳውንና ቅስቱን፣ ከካርቲዬው ግቢውንና ተመላላሽ አየሩን፣ ከድሬዳዋ ከዚራ ደግሞ የባቡሩ ሰዎች በመንገድ ዳር የተከሉትን የዛፍ ጥላ ወስዶ ማዋሐድ ይቻላል። ጣራው ድርብ ይሁን፣ መካከሉ ነፋስ ያሳልፍ፤ ግቢው ይጠበቅ፤ በየጥቂት ቤቱ መካከል እሳት የማያሻግር ግንብ ይቁም፤ ወለሉ ከጎርፉ ከፍ ይበል። ከሁሉ በፊት ግን ለነዋሪው ጊዜያዊ ያልሆነ ወረቀት ይሰጠው። ነገ አስነሣሃለሁ የማይባል ሰው ቤቱን ራሱ ያሳምረዋል።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። የሳንቃዋ ቤት እንደ መጠለያ ደካማ፣ እንደ ሐሳብ ጠንካራ ናት። እንዳለች ትጠበቅ የሚል ሰው በውስጧ አላደረም፤ ምንም የምታስተምረን የለም የሚል ሰው ደግሞ በሐምሌ ሌሊት በብሎኬት ቤት ያለ መብራት አላደረም።