ካልሠራ ለእገሌ ደውል

ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረውን ኩበርኔቲስን መጫን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2014 ኮዱን ለሁሉም ክፍት ካደረገው ወዲህ መመሪያውም ባለሙያውም በዝቷል፤ ከባዱ የሰዎቹን አሠራር መቀየር ነው።

ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስጠራ በቅድሚያ የማየው አዲስ ኮድ የሚጫንበትን ሰነድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የዎርድ ፋይል ነው፤ ስሙ ላይ «የመጨረሻ 2» የሚል ተቀጥሎበታል። «ሰርቪሱን አቁም፣ ፋይሉን ኮፒ አድርግ» እያለ ይወርድና መሀል ላይ «ካልሠራ ለእገሌ ደውል» ይላል። እገሌ የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ሥራው ይቆማል ማለት ነው። ሲስተሙ በሙሉ ወደ ኮንቴይነር ቢዛወርም እገሌ ካለበት አይነቃነቅም።

የዚህ በእጅ የመጫን አሠራር ዋጋ በአሜሪካው የአክሲዮን ደላላ ናይት ካፒታል ላይ ታይቷል። አዲሱ ኮድ ስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ሲገባው አንዱ ተዘለለ፤ የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያው ሲከፈት በተዘለለው ሰርቨር ላይ ለዓመታት ተኝቶ የቆየ አሮጌ ኮድ ነቃና በ45 ደቂቃ ገደማ ኩባንያውን ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አከሰረው። በመሀሉ ባለሙያዎቹ ችግሩን ያስተካከሉ መስሏቸው አዲሱን ኮድ ከሰባቱ ደህና ሰርቨሮች ላይ አነሱት፤ አሮጌው በስምንቱም ላይ ነቃ! ይባስ ብሎ፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ስህተቱን የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ልኮ ነበር፤ እርምጃ የወሰደ ግን የለም።

ሰርቨር መዝለልን ኮዱን በራሱ የሚጭን ፓይፕላይን ያስቀራል። ኢሜይሉን የሚያነብ ሰው ግን ፓይፕላይን አይቀጥርም። ስለዚህ ኮዱን የጻፈው ቡድን ሌሊት የሚጮኸውንም ስልክ በተራ ይያዝ እላለሁ። ዴቨሎፐሮች ያኮርፋሉ፣ እውነት አላቸው፤ ያለ አበልና ያለ ማካካሻ ዕረፍት ከሆነ ብዝበዛ ነው። በባንኮች ደግሞ ኦዲት «ኮድ ጸሐፊ ዋናውን ሲስተም አይነካም» ይላል። ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ማን ጻፈ፣ ማን አጸደቀ፣ መቼ ተጫነ የሚለው በጊትና በፓይፕላይን ሲመዘገብ ኦዲተሩ ከፊርማ ወረቀት የተሻለ ማስረጃ ያገኛል።

ሲስተማችሁ አንድ ዳታቤዝና ጥቂት ሰርቪስ ብቻ ከሆነ ኩበርኔቲስ ይቆያችሁ። በቅድሚያ ያን የዎርድ ፋይል ወደ ስክሪፕት ቀይሩት፣ ወደ ቀድሞው ስሪት መመለስንም በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ተለማመዱ።