«ጨዋ» ስለሚባለው ቃል

በቆሰበር ገበያ አስታራቂ ሽማግሌ ጠበኞቹን «እናንተ የጨዋ ልጆች» እያለ ይለምናል። በዚያው ከተማ የቤተ ክህነት ሰው ደግሞ ዜማና ቅኔ ያልተማረውን «እርሱ ጨዋ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አንዱ ቃል በአንደኛው አፍ ምስጋና፣ በሌላው ነቀፌታ የሆነበትን ምክንያት መመርመር ይገባናል።

በግዕዝ «ፄዋ» ምርኮ ማለት ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ግን በየአገሩ የሰፈረው የንጉሡ ጭፍራ ጨዋ ይባል ነበር። ስለዚህ ተማሪ ይህን ስም በዜና መዋዕል ሲያገኝ ትሑት ሰው መስሎት ታሪኩን እንዳያጣምም መምህሩ ሊያስጠነቅቀው ይገባል። ቃሉ ኋላ ባሪያ ያልሆነውን ሰው መለያ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ ጠባየ መልካሙን ሁሉ እንጠራበታለን።

ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል። «የጨዋ ልጅ» የሚለው ምስጋና ግን ያልጨዋ ልጅ የሚባል ሌላ ሰው እንዳለ ሳይናገር ይናገራል። በብዕር የምናገለግል ሁሉ የሰውን ትውልድ ትተን ሥራውን አይተን «ጨዋ ሰው» ብንል፣ የቃሉን ክብር ሳንቀንስ የአሮጌውን ንቀት ርዝራዥ እናስቀራለን።