የፖስታ ካርድ ሁለት ገጾች፤ ተራራውና ደብዳቤው

የጦርነት ዘመን ፖስታ ካርድን እንደ ድርሰት ቆጥሮ መመርመር ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ሥዕልና ደብዳቤ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ የተገናኙበት በመሆኑ ከሃያሲ ዓይን ሊያመልጥ አይገባም። የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ፤ ገደልና አምባ እያየሁ ስላደግሁ ይሆናል፣ አዲስ አበባ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች የተራራ ሥዕል ያለባቸውን የ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ካርዶች እሰበስባለሁ። በዚህች አጭር ጽሑፍ አንዱን ብቻ እቃኛለሁ።

በካርዱ ፊት አምባ አላጌ ይታያል። ጎጆ የለም፤ አዝመራ የለም፤ ሰው የለም። ገጸ ባሕርይ የሌለው መቼት ነው። ባለቤት የሌለው መስሎ የተሣለ አገር ቢወስዱት አያሳፍርም። ለጣሊያኑ ተመልካች ግን ተራራው ባዶ አልነበረም። በ1888 ዓ.ም. የራስ መኮንን ሠራዊት የሜጀር ቶዜሊን ጦር ድል የመታበት ስለሆነ ቂም ያስታውሰዋል። ከሥዕሉ የተሰረዝነው እኛ ብቻ ነን። ለወሎ ሰው አምባ ማለት መሸሸጊያ፣ ግምጃ ቤትና ወህኒ ነው። መቅደላ ሦስቱንም ነበረች፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የሠዉባትም እሷው ናት።

በጀርባው ወታደሩ በእርሳስ የእናቱን ጤና ይጠይቃል፤ ደኅና መሆኑን ይናገራል፤ ስለ አዝመራው ያነሣል። ወዳጄ ሲተረጉምልኝ ደነገጥሁ። አቀራረቡ የእኛው የገጠር ደብዳቤ ነው!

ታዲያ ይህ ሰላምታ ሥዕሉን ይሽረዋልን? አይመስለኝም። ደብዳቤው ስለ አምባው ሰዎች አንዲት ቃል አይተነፍስም። እርግጥ ነው፣ የወታደር ደብዳቤ በሳንሱር እጅ ያልፍ ስለነበር ዝምታው ሁሉ የእሱ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም የራሱን እናት አዝመራ ያሰበ ገበሬ፣ አዝመራው በተደመሰሰበት ተራራ ጀርባ ላይ ነው የጻፈው። ለሰውየው ማዘን ይገባል፤ ሥዕሉን ማመን ግን አይገባም።

የአያቴ ወንድም ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። የላከው ቃል በመንገደኛ አፍ ደረሰ እንጂ ወረቀት አልነበረውም። የጠላትን ደብዳቤ የምሰበስበው የእኛን ስላጣሁ ነው። በየእናቶቻችን ሣጥን የቀረ ደብዳቤ፣ በሽማግሌዎች ትዝታ የቀረ መልእክት ይኖራል። ተማሪዎቻችን ወደየአገራቸው ሲወርዱ ይጠይቁ፤ ይመዝግቡም። ያን ጊዜ የዚህ ካርድ መቼት ባለቤቶቹን ያገኛል።