በገብስ አገር እንግዳ መቀበል

ምንጃር ሸንኮራም ደብረ ብርሃንም ሰሜን ሸዋ ናቸው፤ እንጀራቸው ግን ይለያያል። ምንጃር የነጭ ጤፍ አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ውርጭ የሚመታት፣ ለጤፍ ሳይሆን ለገብስና ለስንዴ የተመቸች ከተማ ናት። ስለዚህ እዚህ ለዕለት ጉርስ የሚጋገረው እንጀራ ብዙ ጊዜ ቅልቅል ነው። ገብስ ይገባበታል፤ ለማለስለሻ ፉርኖ ዱቄትም ይጨመርበታል፤ ጤፍ በተወደደ ቁጥር የጤፉ ድርሻ ያንሳል። ይህ ነውር አይደለም፤ የደጋ ሰው ያደገው በገብስ ነው። አደጋው የሚመጣው «የኢትዮጵያ እንጀራ ግሉተን የለውም» የሚል አንብቦ፣ ልቡን ጥሎ የሚበላ እንግዳ ገበታችን ላይ ሲቀመጥ ነው።

ሲሊያክ የተባለ ሕመም ያለበት ሰው በስንዴ፣ በገብስና በራይ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲገባበት የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ተነሥቶ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ያቆስላል። የበላው በቅጡ አይዋሐደውም፤ ተቅማጥ፣ ክሳት፣ ደም ማነስ ይከተላል፤ ሕፃን ከሆነ ዕድገቱ ይቀጭጫል። ሕክምናው ዕድሜ ልክ ከእነዚህ እህሎች መራቅ ነው። ነገሩን ለዓለም ግልጽ ያደረገው ኔዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር። በ1944 እና 45 እ.ኤ.አ. በአገሩ ረሃብ ገብቶ ዳቦ ሲጠፋ ሲሊያክ ያለባቸው ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ጥናቱን በ1950 እ.ኤ.አ. አቀረበ። ጤፍ ከዚህ ፕሮቲን ነፃ መሆኑን ደግሞ የዚያው አገር ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

በዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ «ከግሉተን ነፃ» የሚባለው በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ግሉተን ያለበት ምግብ ነው። አንድ ግራም የስንዴ ዱቄት ብቻውን 80 ሚሊግራም ያህል ይይዛል። እንግዲህ በጣት ጫፍ የሚነሣ ዱቄት አንድ ኪሎ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ለማበላሸት ከበቂ በላይ ነው።

ይህን ለወጥ ቤት ሠራተኛ ሳስረዳ ከሚሊግራም አልጀምርም፤ ከጾም እጀምራለሁ። ምእመኑ በዓመት 180 ቀንና ከዚያም በላይ በሚጾምበት አገር ያደገ ባለሙያ ዶሮ ወጥ ያማሰለበትን ማማሰያ በጾም ሽሮ ውስጥ አይነክርም። ጾመኛውን «ትንሽ ቅቤ ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚከራከር አስተናጋጅም የለም። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የወረደ ሰው ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ውለው የየራሳቸውን ሥጋ ሲበሉ ያያል፤ ቢላው፣ መክተፊያው፣ ድስቱ ለየብቻው ነው። መለየትን እናውቅበታለን። «ያመኛል» ላለን ሰው ግን ይህን እውቀታችንን እንረሳውና «በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ!» እንላለን። ጾመኛውን በቃሉ እንደምናምነው ሁሉ ሕመምተኛውንም እንመነው ነው የምለው።

አሁን ወደ እንጀራው ልምጣ፤ ብዙው ሥራ ያለው እዚያ ነው።

ለእንደዚህ ያለ እንግዳ የጤፍ ዱቄት ከገበያ አልገዛም፤ ጤፉን በጥሬው ነው የምገዛው። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ነው፤ አንድ ግራም የሚሞላው ከ2,500 እስከ 3,000 ፍሬ ነው። ስለዚህ ከአውድማ ወይም ከጆንያ የተቀላቀለ ገብስና ስንዴ በወንፊት ላይ ይቀራል፤ ዓይንም ያየዋል። ከተፈጨ በኋላ ግን የሚለየው የለም። ቀጥሎ ወፍጮ ቤት አለ። ድንጋዩ ከፊት የተፈጨውን እህል ሳይለቅ ይቆያል፤ ገብስ ከተፈጨበት በኋላ የሚገባ ጤፍ የመጀመሪያ ዱቄቱ ድብልቅ ነው። ባለወፍጮውን ለምኜ ማለዳ፣ ተጠርጎ፣ ማንም ሳይቀድመኝ አስፈጫለሁ፤ መጀመሪያ የሚወርደውንም ለሌላ እንጀራ አውለዋለሁ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው እርሾውን ነው። ጤፉ ንጹሕ፣ ወፍጮው ንጹሕ ሆኖ እርሾው ካለፈው የገብስ ሊጥ ላይ የተቀዳ ከሆነ ገብሱ አብሮ ገብቷል። መቡካቱ ያጠፋዋል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ አብሲት ተጥሎ መፍላቱም ግሉተንን አያጠፋውም። ስለዚህ ለጤፍ ብቻ የሚሆን እርሾ ከባዶ ማስነሣት፣ ቡሃቃውንም ለይቶ ክዳኑ ላይ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። በደብረ ብርሃን ብርድ ሊጥ ቶሎ አይቦካም። ለማፋጠን ፉርኖ ጣል የማድረግ ልማድ የመጣው ከዚህም ነው፤ የማልደራደርበትም ይኸው ነው። ከዚያ ምጣዱ፣ ማሰሻው፣ ሰፌዱ። በተለይ ማሰሻ ጨርቅ ሲታጠብ እንኳ የያዘውን ሁሉ አይለቅምና አዲስ ይሁን። የሚቻል ከሆነ ምጣዱም ይለይ፤ ካልተቻለ ተፈግፍጎ ይታጠብና በቀኑ መጀመሪያ ንጹሑ ጤፍ ይጋገርበት፤ ቅልቅሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ይህ ሁሉ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ እንግዳው ሦስት ወይም አራት ቀን ቀደም ብሎ ቢደውል እጅግ መልካም ነው። ሳይደውል በድንገት ለመጣ ሰው ቅልቅሉን እንጀራ «ጤፍ ነው» ብሎ ማቅረብ በደል ነው። የተቀቀለ ድንች፣ ዕንቁላል፣ ጎመን፣ ሩዝ፣ በታጠበ መጥበሻ የተሠራ ጥብስ አለ፤ ጠግቦ ይሄዳል።

ወጦቻችን ብዙዎቹ ደኅና ናቸው፤ ጥርጣሬ የሚያስፈልገው ከውጭ ተዘጋጅቶ በሚመጣው ላይ ነው። የገበያ ሽሮና በርበሬ ውስጥ የገባውን ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል። ጥብስ ላይ የሚፈሰው ሶያ ሶስ አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ አለበት። ሳንቡሳና ቦምቦሊኖ በተጠበሰበት ዘይት ድንች አይጠበስም። ቅንጬ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ድፎ ዳቦ፣ ጠላ የአካባቢያችን ኩራት ናቸው፤ ለዚህ እንግዳ ግን አይሆኑም። እዚሁ ከተማ የሚጠመቁት ዳሸንና ሐበሻ ቢራም የገብስ ብቅል ናቸው። ለቡና ቁርስ የገብስ ቆሎው ይቅርና ፈንዲሻ ይምጣ።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው አቀራረቡ ነው። በእኛ ባህል ብቻውን በልዩ ሳህን የሚበላ ሰው የተጣላ ወይም የተገለለ ይመስላል። በአንድ ትሪ ከቅልቅሉ ጋር ከቀረበለት ደግሞ የጎረሰ ሁሉ እጅ ፍርፋሪ ያመጣበታል፤ ጉርሻውም ከፍቅር ጋር ገብሱን ያቀብለዋል። የእኔ ምርጫ ሙሉው ገበታ ንጹሕ ጤፍ እንዲሆን ነው። ወጪው ይጨምራል፤ እንግዳው ግን ከቤተሰቡ ጋር እጁን ሰዶ ይበላል፣ ይጎርሳል፣ ያጎርሳል። ከውጭ አገር ልጆቻቸውን ይዘው ለሚመጡ ወገኖቻችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። አያት የልጅ ልጇን ሳትፈራ ታጎርሳለች።

አንኮበር ላይ ነገሩ ይጠብቃል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ሥፍራ ለማየት ወይም የአንኮበርን ብርቅ ወፍ ለመፈለግ የሚወጣ እንግዳ በጎረቤላ ከተማ የሚያገኘው ምግብ ውስን ነው። አስጎብኚው ለእንግዳው የታሸገ ንጹሕ እንጀራ ከደብረ ብርሃን ይዞ ይሂድ፤ በየገበሬው ቤት «ቤት ያፈራውን» ሲባልም ምክንያቱን በአማርኛ እርሱ ያስረዳ፤ የጋባዡም ክብር ይጠበቃል።

ለውዝ ወይም ሰሊጥ አለርጂ ለሚያስነሣበት ሰው መንገዱ ይኸው ነው፤ እንዲያውም እርሱ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላልና ማማሰያና ዘይት መለየቱ ይበልጥ ይጥበቅ።

የደብረ ብርሃን ባለወፍጮዎች ሆይ፣ ከወፍጮዎቻችሁ አንዱን ለጤፍ ብቻ ለዩልን። የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንጀራው ውስጥ ምን እንደገባ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ለእንግዳው «አላውቅም፤ ይህን አይብሉ፤ ሌላ ልሥራልዎ» በሉት።