ሃያ ሦስቱ የጉግል ጥያቄዎችና የኛ ድረ ገጾች

በስኪፖል በኩል ወደ አዲስ አበባ ለሚሄደው ወገን የአውሮፕላን ትኬት እየቆረጠ፣ ከሮተርዳም ዕቃ እየላከ፣ ወይም ዘ ሄግ ላይ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ እየተረጐመ በአንዲት ድረ ገጽ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር ሰው በመካከላችን ብርቅ አይደለም። የዚህ ሰው ሱቅ መንገድ ዳር የለም፤ መንገዱ ጉግል ነው። የደረጃው ስሌት በአንድ ሌሊት ተለውጦ ድረ ገጹ ከአንደኛው የውጤት ገጽ ወደ አራተኛው ቢወርድ ስልኩ ጭጭ ይላል። «ምን አጠፋሁ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም። የሚሰጠው አንድ የምክር ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እኔም ዛሬ ልተቸው የተነሣሁት ያንን ጽሑፍ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው እንጀምር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2011 ጉግል ኋላ «ፓንዳ» የተባለውን ለውጥ በአሜሪካ አወጣ። ኩባንያው ራሱ እንደተናገረው ለውጡ ከፍለጋዎቹ 11.8 በመቶውን ጉልህ አድርጎ ነክቷል። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ከቻይንኛ፣ ከጃፓንኛና ከኮርያኛ በቀር ለአብዛኞቹ ቋንቋዎች ተዘረጋ። በመካከሉ፣ ሜይ 6 ቀን፣ የፍለጋውን ሥራ ከሚመሩት አንዱ የነበሩት አሚት ሲንጋል ለወደቁት ድረ ገጾች 23 ጥያቄዎች አቀረቡ። ይህን ጽሑፍ ታምነዋለህ ወይ? ለዚህ ድረ ገጽ የክሬዲት ካርድህን ቁጥር ትሰጣለህ ወይ? በታተመ መጽሔት ወይም በመጽሐፍ ውስጥ አገኘዋለሁ ብለህ ትጠብቃለህ ወይ? እነዚህን የመሳሰሉ ናቸው።

ጽሑፉ ጨዋ ነው፤ አይሳደብም፣ አያስፈራራም። ነገር ግን እነዚህ ጥያቄዎች ስሌቱ የሚሠራባቸው ትክክለኛ መለኪያዎች እንዳልሆኑ እዚያው ላይ ይናገራል፤ መለኪያዎቹ ቢገለጡ አጭበርባሪው ይጠቀምባቸዋል ይላል። ምክንያቱ ከንቱ ነው አልልም። ሆኖም አጭበርባሪውን ለማሳት የተዘረጋው ጨለማ ያልበደለውንም ሰው አብሮ ይውጠዋል። የተከሰሰበትን ያላወቀ ሰው ራሱን መርምር ሲባል መቼም ኀጢአት አያጣም።

ለኛ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ የፊደል ግድፈት አለ ወይ ይላል። ሌላው ቃላትን ትንሽ ትንሽ እየለዋወጡ ስለ አንድ ነገር የተደጋገሙ ገጾች አሉ ወይ ይላል። እስቲ ይህን ለአማርኛ እንሞክረው። ዕቃ ላኪው «ዕቃ» ብሎ ይጽፋል፤ ደንበኛው «እቃ» ብሎ ይፈልጋል። ገንዘብ የሚልከው «ሐዋላ»፣ «ሀዋላ» ወይም «ሃዋላ» ይላል፤ ማናቸውንም ተሳስተሃል የሚል የመንደር ሰው የለም። እንግዲህ ሁሉም እንዲያገኘው ብሎ በየአጻጻፉ አንድ አንድ ገጽ ያዘጋጀ ነጋዴ በእንግሊዝኛው መለኪያ ሲታይ ከአታላዩ በምን ይለያል? ጥያቄዎቹ አንድ ቃል አንድ አጻጻፍ ብቻ አለው ከሚል ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ ይህንንም ልብ ያሉ አይመስሉም።

ይህን ስል የኛን ቤት ጉድ ልሸፍን አይደለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ፣ በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታም «ንያላ» የተባለውን ፊደል ይዞ ከመጣ በኋላ እንኳ ብዙዎቻችን ጽሑፋችንን በምስልና በፒዲኤፍ መለጠፉን አልተውንም። ፎቶግራፍ የሆነን ማስታወቂያ የፍለጋ ሞተር እንደ ተራ ጽሑፍ አያነበውም። አንዱ የጻፈውንም ዐሥሩ እንዳለ ይገለብጠዋል፤ በዚህ ረገድ ስለ ቅጂ የተጠየቀው ጥያቄ ልክ ነው፤ ያማል እንጂ። የወደቀበትን ድረ ገጽ ለማንሣት የሚሻ ሰው ከዚህ ቢጀምር ጊዜው በከንቱ አይጠፋም፤ የተገለበጠውን ያውጣ፣ ምስሉን በፊደል ይጻፈው፣ የራሱ ሙያ ያስተማረውን፣ ለምሳሌ ማስረጃ የሚያስተረጉም ሰው የትኛውን ማኅተም ከየት ማምጣት እንዳለበት፣ በራሱ ቃል ያስፍር።

ይህን ሁሉ አድርጎስ ይነሣል ወይ? ዋስትና የለም። ጉግል በ2022 «ለሰው የሚጠቅም ጽሑፍ» በሚል ስም ሌላ ለውጥ አወጣ፤ በሴፕቴምበር 2023 በድጋሚ ሲለቀቅ ብዙ ትንንሽ ድረ ገጾች ወደቁ፤ በማርች 2024 ከዋናው ስሌት ጋር ተዋሐደ። ለመዳን ወራት ሊፈጅ ይችላል ተባለ። የእንግሊዙን ፋውንደምን ያስታውሷል? በ2006 እንደተከፈተ ከጉግል ውጤት የወረደ የዋጋ ማነጻጸሪያ ነበር። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ አቤቱታቸውን በ2009 ለአውሮፓ ኮሚሽን አቀረቡ። ኮሚሽኑ በ2017 ጉግልን 2.42 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣ፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በሴፕቴምበር 2024 ቅጣቱን አጸና። ድረ ገጹ ግን በ2016 ተዘግቶ ነበር።

እኔ የምኖርበት የስኪፖል አካባቢ እስከ 1852 ሐይቅ ነበር። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከባሕር ወለል በታች ነው፤ ውሃው በየቀኑ ካልተቀዳ ሁላችንም እንሰጥማለን። ደች ይህን የሚያህል አደጋ ለአንድ ኩባንያ አልሰጠም፤ የውሃ ቦርድ አቋቁሞ ሕዝቡ ይመርጠዋል። የሆላንድ ዜግነት የሌለን ሕጋዊ ነዋሪዎችም እንመርጣለን። ፓምፑ ለምን ቆመ ብሎ የሚጠይቅ ገበሬ የሚሄድበት ቢሮ አለው።

ለፍለጋው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር የተሞከረው ከጁላይ 12 ቀን 2020 ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2019/1150 ነው። የፍለጋ ሞተሮች ደረጃ የሚሰጡባቸውን ዋና ዋና መለኪያዎችና የያንዳንዳቸውን ክብደት በግልጽ ቋንቋ እንዲያስታውቁ አዘዘ። ስሌታቸውን ግለጡ አላለም፤ ይህ ይገባኛል። ሆኖም አንተ የወደቅኸው በዚህ ምክንያት ነው ብላችሁ ለባለ ድረ ገጹ ጻፉለት የሚል አንቀጽ አላስገባም። እኔ ይጐድላል የምለው ይህ አንቀጽ ነው፤ በዚህ አገር የሚኖሩ የሕግ ምሁሮቻችን ቢጽፉበት ደስ ይለኛል።